የቆረጥኩት ሲንቄ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሟች ባለቤቴ አልነገርኳትም፤ እሷ ያልነገርኳትን ሁሉ ታውቅ ነበር፣ ይህን ግን ሳታውቅ ሞተች። ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። አንድ ዓመት አሰቦት ገዳም ድረስ በእግሬ ወጥቼ፣ ላቤ በጆሮ ግንዴ እየወረደ፣ ከአንድ ሽማግሌ መነኩሴ ፊት ተንበርክኬ በፍልሰታ የበላሁትን እንቁላል ተናዘዝኩ። እንቁላል! መነኩሴው ሰባት ቀን ስገድ አሉኝ፤ ሰገድኩ፤ ወገቤን ይዤ ተመለስኩ። ዋናውን ኃጢአት ግን ልጅ ክኒን በምላሱ ሥር እንደሚደብቅ ደብቄው ወጣሁ፣ ደብቄው ወረድኩ።

አሁን ለእናንተ ልናገር ነው። ለምን ለእናንተ? ስለማታውቁኝ ነዋ! ጭሮ ላይ የሚያውቀኝ ሰው ሁሉ የሚያውቀኝ በቀልዴ ነው። ከጥርሶቼ የቀሩት ሦስት ናቸው፤ ሦስቱንም ለሕዝብ እያሳየሁ እስቃለሁ፣ አስቃለሁ። በቀልድ ሚስት አገባሁ። በቀልድ ከቀበሌ እስር ቤት ወጣሁ። በቀልድ ሰው መግደሌን ግን የሚያውቅ የለም። ገደልኩ ስል ቢላዋ ያዝኩ ማለቴ አይደለም። የያዝኩት መጋዝ ነበር፤ የቆረጥኩትም እንጨት ነው። እንጨት መቁረጥ ኃጢአት ነው ወይ? ቆዩኝ፣ ትፈርዳላችሁ።

በደርግ ጊዜ፣ ጭሮ ገና አሰበ ተፈሪ ስትባል፣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበርኩ። የሕዝቡ የባህል ዕቃ ተሰብስቦ በአንድ አዳራሽ ለሕዝብ ይታይ ተባለና ሰብሳቢ ተደረግሁ። ሙዚየም ነው የምንለው፤ ቀድሞ የእህል መጋዘን ነበር፤ አይጦቹም አልለቀቁም። በአንድ አሮጌ ላንድሮቨር ገጠር ለገጠር እየዞርኩ ሰው የሚገለገልበትን ዕቃ ከእጁ እቀበል ነበር። የወተት ጮጮ ወስጃለሁ። የቀንድ ዋንጫ ወስጃለሁ። መሰላ ላይ አንድ ሽማግሌ የእንጨት ብርኩማ ተንተርሰው ተኝተው አግኝቼ፣ ጭንቅላታቸውን በአንድ እጄ ቀና አድርጌ ብርኩማውን በሌላው መዘዝኩት። ሲነቁ ድንጋይ ተንተርሰው ነበር። ይህን ስንት ዓመት አውርቼ ሰው አስቄበታለሁ! ከዚያ ካርድ ላይ እጽፋለሁ፤ «በጥንት ዘመን ለወተት ማስቀመጫ ያገለግል የነበረ።» የጮጮው ወተት ገና ከግድግዳው አልደረቀም፤ ባለቤቷም እቤቷ ቁጭ ብላ ላሟን በምን እንደምታልብ ታስባለች። እኔ ግን ጥንት አደረግኋት።

እንዲህ ስዞር ነው መቻራ አጠገብ አዮ ሩቂያ ቤት የደረስኩት። አዮ ማለት በኦሮምኛ እናት ማለት ነው፤ አገሬው እንደዚያ ይጠራታል፣ እኔም እንደዚያው ጠራኋት። አርሲ ተወልዳ ለትዳር የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የምትቆጥብ ሴት ነበረች። ፊት ለፊት አንቱ እላት ነበር። አንቱ እያልኩ ነው ያታለልኳት።

ከወላጆቿ ቤት ይዛ የመጣችው አንድ ሲንቄ ነበራት። ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ሲንቄ እናት ለልጇ በሠርጓ ቀን የምትሰጣት ቀጭን፣ ቀጥ ያለ በትር ነው። ሰው አይመታበትም። ወንዶች ተጣልተው ዱላ ሲማዘዙ ሴትየዋ ሲንቄዋን ይዛ መሃላቸው ከቆመች የተነሳው ዱላ ይወርዳል። ያንን ጥሶ የሚያልፍ ወንድ የለም፤ ቢያልፍ ማንም አብሮት አይበላም፣ ማንም ልጁን አይድርለትም። በዚያች መንደር ሲንቄ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። እሷ ስትወጣ የመንደሩ ሴቶች እርጥብ ሣር ይዘው ከኋላዋ ይሰለፋሉ። ስንት ደም ሳይፈስ ቀርቷል በዚያ በትር! ይህን ሁሉ እዚያው ነገሩኝ። አልሰማሁም አልልም። ሰምቻለሁ፤ በማስታወሻዬም ጽፌዋለሁ።

«ይሄ ለመታየት አይሄድም» አለችኝ። «የኔ እግር ካልሄደ እሱም አይሄድም።»

«እንግዲያው አዮ፣ እርስዎም አብረው ይምጡና መስታወት ውስጥ ይቁሙልን» አልኳት። «ምግብ ከኛ ነው!»

ሳቀች። ያ ሳቋ ነው የጎዳት። ሰው አንዴ ከሳቀ በኋላ እምቢ ማለት ይከብደዋል፤ እኔ ዕድሜዬን የኖርኩት በዚህ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጠመንጃውን እንዳነገተ በሩ ላይ ቆሟል፣ እኔ እቀልዳለሁ፤ ሁለታችን ሆነን አንዲት ሴት ከበብን።

«ጸብ ቢነሳስ?» አለች።

«ሰው ይላኩብኝ፣ በመኪና ራሴ አመጣዋለሁ። ለሦስት ወር ብቻ ነው፤ ከዚያ እጅዎ ላይ ነው።»

«በምንህ ትምላለህ?»

«በእናቴ።»

ገብታ አወጣችው። ከማስረከቧ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ ቅቤ ቀባችው። «ይደርቅብሃል፣ ያ ኢልመ ኮ» አለች። ልጄ ሆይ ማለቷ ነው። «በየሳምንቱ ቅቤ አስነካው።» እሺ አልኩ። አንድ ቀን አላስነካሁትም።

አሁን ወደ መጋዙ ልምጣ። እየሸሸሁ መሆኔን አላጣችሁትም።

አዳራሹ ሊመረቅ አንድ ቀን ሲቀረው አናጺው ታደሰ የመስታወት ሳጥኑን አመጣ። ሲንቄውን ብናስገባው አልገባ አለ፤ አንድ ክንድ ያህል ረዘመ። ልኩን የሰጠሁት እኔ ነኝ። በትሩን ሳልለካ፣ እንዲያው በዓይኔ ገምቼ የሰጠሁት ልክ ነው። ታደሰ «ሳጥኑን አፍርሼ ልሥራው፣ ሁለት ቀን ስጠኝ» አለ። ነገ ባለሥልጣናት ይመጣሉ፣ ከየት ሁለት ቀን ላምጣ? ግድግዳ ላይ ብንሰቅለውስ? ወለል ላይ ብናጋድመውስ? ዛሬ መልሱን አውቀዋለሁ፤ ያን ቀን ጥያቄውም አልመጣልኝ። «በትሩን ቁረጠው» አልኩ።

«እኔ?» አለ ታደሰ። «እኔ አልቆርጥም። ይሄ ሴት የምታነሳው ነገር ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ጋሼ፣ የራስህ ጉዳይ ነው።» መጋዙን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ ሲጋራ ሊያጨስ ወጣ።

እኔ ቆረጥኩት። በጉልበቴ ደግፌ፣ በገዛ እጄ። ቅቤ የጠጣ እንጨት ነውና መጋዙ ይንሸራተት ነበር፤ ሁለቴ ጀምሬ በሦስተኛው ያዘልኝ። እየቆረጥኩ «አብዮቱ ያላሳጠረው ምን አለ!» ብዬ ቀለድኩ። ማንም አልነበረም። ለብቻዬ ቀልጄ ለብቻዬ ሳቅሁ። ይህን ነው ለራሴ ይቅር ልለው ያልቻልኩት፤ መቁረጤን ሳይሆን መሳቄን። ነው ወይስ መቁረጤን? አያችሁ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁትም። የተረፈውን ቁራጭ ቢሮዬ ወስጄ መስኮቱን መደገፊያ አደረግሁት። ንፋስ ሲመጣ የሚዘጋ መጥፎ መስኮት ነበር።

በምረቃው ዕለት አንዱ ባለሥልጣን ሳጥኑ ፊት ቆሞ «ጓድ፣ ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ። «የባል መምቻ» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ሌላ ማንም ስለ ሲንቄው አልጠየቀም፤ እኔም አልተናገርኩም።

ሦስት ወሩ አለፈ፤ ዓመትም ሆነ። የተቆረጠውን በትር እንዴት ልመልስ? ዛሬ ነገ ስል የመንደር ምሥረታው መጣ። ገበሬው ቤቱን አፍርሶ በመስመር እንዲሠራ ተደረገ፤ መሬትም ተደበላለቀ። አንድ ቀን ጠዋት አዮ ሩቂያ ቢሮዬ በር ላይ ቆማ አየኋት። በቡና መኪና ጭነት ላይ ተቀምጣ ነው የመጣችው፤ አቧራው ቅንድቧን ነጭ አድርጎታል። ሰው ይላኩብኝ ብያት ነበር፤ የምትልከው አጥታ ራሷን ላከች።

አስቀመጥኳት። የተቀመጠችው ከመስኮቱ ሥር ነው። መስኮቱን የደገፈው ቁራጭ ከራስ መሸፈኛዋ በላይ አንድ ስንዝር ቢርቅ ነው። ቀና ብትል ታየው ነበር።

ነገሯን ነገረችኝ። ጀማል የሚባል ልጅ አላት። የባሏ ወንድም ልጅ ደግሞ ሙሜ ይባላል፤ እናቱ በወሊድ ስትሞት አዮ ሩቂያ ከጀማል እኩል ጡት አጥብታ ያሳደገችው ነው። አዲሱ መንደር ሲሠመር የጀማል ቡና ለሙሜ ደረሰው። ጀማል ቡናዬን አልለቅም አለ። ሙሜ መንግሥት የሰጠኝ ነው አለ። በመጪው ቅዳሜ ሙሜ ቡናውን ሊለቅም ሰው አስተባብሯል፤ ጀማልም ቢላውን ስሏል።

«ሁለቱም የጡቴ ልጆች ናቸው» አለችኝ። «ባዶ እጄን መሃላቸው ብገባ አንዱ ለዚያ አደላሽ ይለኛል፣ ሌላው ለዚህ። እናት ነኝና አይሰሙኝም። ሲንቄ ከያዝኩ ግን የማንም እናት አይደለሁም፤ ሲንቄ ነኝ። ስጠኝ። ለቅዳሜ ብቻ ስጠኝ፣ እሑድ መልሼ አመጣልሃለሁ።»

እሑድ መልሼ አመጣልሃለሁ አለችኝ። እሷ፣ ለእኔ!

የአዳራሹ ቁልፍ ኪሴ ውስጥ ነበር። አዳራሹ ከቢሮዬ ሃያ እርምጃ አይሆንም። ተነስቼ፣ ከፍቼ፣ «አዮ፣ ቆርጬዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» ማለት ነበር። ይህን ለማለት ስንት ቃል ይፈጃል? እኔ ቀኑን ሙሉ ስለፈልፍ የምውል ሰው አራት ቃል አጣሁ። አፈርኩ። ማፈሬን ደግሞ እንደ ልማዴ በቀልድ ሸፈንኩት።

«አዮ፣ ሲንቄዎ አድጎ አዲስ አበባ ገብቷል» አልኳት። «ትልቁ ሙዚየም ወሰደው። አሁን ከሚኒስትሮች ጋር ነው የሚውለው፣ እኔንም ሰላም አይለኝ!»

አልሳቀችም። «እንግዲያ ምን ልያዝ?» አለች።

ወረቀት አወጣሁ። «ሲንቄው በመንግሥት እጅ ይገኛል» ብዬ ጻፍኩ፣ ፈረምኩ፣ ትልቁን ክብ ማህተም እፍ ብዬ መታሁበት። «ይህን ይያዙ። የመንግሥት ማህተም ነው። ከዱላ ይበልጣል። ከፍ አድርገው ሲያሳዩዋቸው የማይቆም የለም» አልኳት።

ማንበብ አትችልም። ማህተሙን በጣቷ ነካ አድርጋ ቀለሙን አየች። «ይቆማሉ?»

«ይቆማሉ።»

«በርግጥ ይቆማሉ?»

«አዮ፣ መንግሥት ነው እኮ!»

ወረቀቱን በራስ መሸፈኛዋ ጫፍ ቋጠረችው። እስከ መኪናው ሸኘኋት፤ ጭነቱ ላይ ስትወጣ ክንዷን ደገፍኩ። ምን ዓይነት ጨዋ ሰው ነኝ!

የሆነውን የነገረኝ የቡና መኪናው ሾፌር ነው፤ ቆሞ አይቷል። ቅዳሜ ሁለቱ ወገኖች ቡናው ውስጥ ተፋጠጡ። አዮ ሩቂያ መጣች። ሴቶቹ እንደ ልማዳቸው ሣር ይዘው ከኋላዋ ነበሩ። ወረቀቱን በሁለት እጇ ከራሷ በላይ ከፍ አደረገች። ሾፌሩ እንዳለኝ፣ ቆሙ። እመኑኝ፣ ቆመው ነበር! ዱላዎቹ ወርደው ነበር። እሷን ከሩቅ ሲያዩ ልማዱ አስቁሟቸው እንጂ እጇ ላይ ያለውን ገና አላዩም።

ሙሜ ጠጋ አለ። ሙሜ በመሠረተ ትምህርት ማንበብ ተምሯል። ጮክ ብሎ፣ ፊደሉን እየለቀመ፣ አነበበው፤ «ሲንቄው፣ በመንግሥት፣ እጅ፣ ይገኛል።» ከዚያ ቀና ብሎ አያት።

«አዮ፣ ታዲያ ባዶ እጅሽን ነዋ የመጣሽው» አለ። «ለጀማል አድልተሽ ነው የመጣሽው።»

ከኋላው የነበሩት ሳቁ። ሙሜ ገፍቷት ሊያልፍ ሲል አልለቅም ብላ ያዘችው። ከሳቂዎቹ አንዱ ዱላ ሰነዘረ፤ ክንዷ ላይ አረፈ፤ አጥንቱ ሲሰበር ሾፌሩ ሰምቷል። ጀማል እናቱ ስትወድቅ አየ። ማን እንደመታት አልለየም። ቢላው ያረፈው ሙሜ ላይ ነው።

ሙሜ እዚያው ቡናው ሥር ሞተ። ጭንቅላቱ ያረፈው አዮ ሩቂያ ጭን ላይ ነው፤ በደህናው ክንዷ አቅፋው ነበር። ጀማል ረጅም እስራት ተፈረደበት። አንዱ ልጇ መቃብር፣ አንዱ ወህኒ ቤት። እኔ በወሩ መጨረሻ ደመወዜን ተቀበልኩ።

መጥታ የምትከሰኝ መስሎኝ ለወራት የቡና መኪና ጡሩምባ በሰማሁ ቁጥር ሽንት ቤት እገባ ነበር። አልመጣችም። ለዳኛም ስሜን አልጠራችም። እኔም ወረቀቱን የጻፈው እኔ ነኝ ብዬ ለጀማል አልመሰከርኩም። አንድ ቃል ከእስራቱ ዓመት ይቀንስለት ነበር ይሆን? ይሆናል። አልሞከርኩም።

ደርግ የወደቀ ሰሞን ቢሮው ተዘረፈ፤ አዳራሹም ተሰበረ። ጮጮውን፣ ዋንጫውን፣ ሁሉንም ወሰዱት። ለዘራፊ የማይረባ ደረቅ በትር ብቻ የመስታወት ስብርባሪ መሃል ወድቆ አገኘሁ። ጠቅልዬ መቻራ ወሰድኩት። በደለኛ ልቤ ያኔ ነቃ ብላችሁ ልታመሰግኑኝ ካሰባችሁ ትንሽ ታገሱ።

አዮ ሩቂያ አርጅታለች። የተሰበረው ክንዷ ጠሞ ነው የገጠመው። በትሩን ተቀብላ ከጉልበቷ ላይ አጋደመችው፤ በክንዷ ለካችው። አጠረባት። ጫፉ ላይ አውራ ጣቷን አሽከረከረች። መጋዝ የቆረጠው እንጨት እንዴት እንደሚለሰልስ ታውቃላችሁ፤ የተሰበረ አይመስልም።

«ከአዲስ አበባ በተመለሰ ማግሥት፣ ዘራፊዎቹ ናቸው» አልኩ ሳትጠይቀኝ። «ሰብረውት አገኘሁት። ከእጃቸው ነው ያዳንኩት።»

እንዲህ አልኩ። በዚያ ቤት፣ በዚያ ክንድ ፊት።

በትሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ በመዳፏ አሻሸችው። ከዚያ «ቁመቱ ምን ያደርጋል?» አለች። «ሲንቄ በቁመት አይደለም። ያን ጊዜ ስንዝር ታህል ብትሰጠኝ ይበቃኝ ነበር።»

ስንዝር! ከራሷ በላይ መስኮት የደገፈው ክንድ ሙሉ ነበር። እሱን ነቅዬ ብሰጣት ሙሜ ይኖር ነበር፤ መስኮቱ ብቻ ይዘጋ ነበር።

ከዚያ መረቀችኝ። ጠማማውንም ደህናውንም እጇን ዘርግታ፣ «የእናቴን ሲንቄ ከዘራፊ ያዳንክ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥህ፣ ጤና ይስጥህ፣ በሰው ፊት ያክብርህ» አለች። አሚን አልኩ። አሳጥራ የመረቀችኝ ይመስል «አሚን፣ አሚን» አልኩ ሁለቴ። አውቃ ነበር ይሆን? ያ አውራ ጣት ነግሯት ይሆን? ይህን የምጠይቅበት ድፍረት ሳላገኝ ሞተች።

ምርቃቷ ግን ያዘ። ይኸው እኩዮቼ ሁሉ አልቀው እኔ አለሁ፤ ስኳር የለብኝ፣ ደም ግፊት የለብኝ፣ ያለ ዱላ እሄዳለሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊትም የከተማው ወጣቶች ሰብስበው «ቅርስ ያዳኑ አባት» ብለው ጋቢ አለበሱኝ፤ አጨበጨቡልኝ፤ እኔም ቀልድ ነግሬ አሳቅኋቸው።

ጊዜው ነው አልልም። ደርግ ነው፣ ሊቀመንበሩ ነው፣ አናጺው ነው አልልም፤ አናጺውማ እምቢ ብሏል። ልኩን የገመትኩ እኔ፣ የቆረጥኩ እኔ፣ ያላገጥኩ እኔ፣ የዋሸሁ እኔ፣ ምርቃት የሰረቅሁም እኔ ነኝ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ የበደልኩት እናንተን አይደለም። ይቅር ሊለኝ የሚችል አንድ ሰው በሕይወት አለ፣ እሱንም አልጠየቅሁትም።

ጀማል መንግሥት ሲለወጥ ወህኒ ቤቱ ተከፍቶ ወጣ። ዛሬ ፀጉሩ ሸብቷል፤ ጫት እየነገደ ጭሮ ይመላለሳል። ገበያ መሃል ሲያየኝ ጭነቱን አስቀምጦ ሰው እየገፋ ይመጣል። «አባ፣ የእናቴን ሲንቄ ያዳንክ» ይለኝና ጎንበስ ብሎ እጄን ሊስም ይፈልጋል።

እኔም እሰጠዋለሁ። መጋዝ የያዘችውን፣ ቀኟን።